እህል ሳይቀምስ ማን ነገረው?

የሜንቶል ቅባት ሽታ አልወድም። ጉንፋን የያዘው ሰው ደረቱን የሚታሽበት ያ የሚያቃጥል ነገር ነው። እኛ ሙያ ውስጥ ግን ሌላ ሥራ አለው፤ ከዓይን ሥር ትንሽ ሲቀቡት እንባ ያመጣል። ባለፈው ሳምንት ለቀረጻ ደብረ ማርቆስ ሄደን ሳለ፣ ሜካፕ የምትሠራልን ልጅ በጣቷ ጫፍ ይዛ ወደ ፊቴ አስጠጋችውና «ጋሼ፣ ትንሽ ላድርግልዎት?» አለችኝ። ስትጠይቀኝ እሷው አፈረች። በዚህ ሁሉ ዘመን እኔን እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለማ። ዳይሬክተሩ ሦስት ጊዜ «አክሽን» ብሎ፣ ሦስት ጊዜም ዓይኔ እንደ ደረቀ ቀርቶ ነበር።

አንተም ልጄ፣ እንደ ጋዜጠኞቹ «የእንባዎ ምስጢር ምንድን ነው?» ብለኸኝ ታውቃለህ። እነሱን «ልምድ ነው» እላቸዋለሁ። ውሸቴን ነው። እህቴ የሞተች ጊዜ አጎቴ በሰው ፊት የሠሩት አንድ ነገር አለ፤ እሱን ሳስብ እንባዬ ይመጣል። አርባ ዓመት ሙሉ የኖርኩበት ይኸው ነው። ለአንተ ልንገርህ፤ ከእንግዲህ ለሥራ የማውለው አይመስለኝም።

እህቴን እታለም ነበር የምላት። በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች። ከይጁቤ ወዲያ ካለችው መንደራችን ተነስቼ ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ደብረ ማርቆስ ስገባ ስንቄን የምታዘጋጅልኝ እሷ ነበረች። ካገባች በኋላም አልተወችኝም። የግማሽ ቀን መንገድ አህያ እየነዳች ትመጣና አቁማዳውን ስትፈታው የበሶና የበርበሬ ሽታ ያቺን የኪራይ ክፍሌን ይሞላታል። እኔ ያገር ቤቱን ወሬ ለመስማት እቸኩላለሁ፤ ማን አገባ፣ የማን ላም ወለደች እያልኩ አዋክባታለሁ። እሷ ግን «መጀመሪያ ብላ፤ ወሬው የትም አይሄድ» ትለኛለች። እስክጨርስ ድረስ አንዲት ቃል አይወጣትም።

በዚያ ዓመት ትምህርት ሊዘጋ ሲል ተማሪ ቤታችን ትያትር አዘጋጀና ልጁ የሞተችበት ሽማግሌ ሆኜ እንድጫወት መረጡኝ። ችሎታ አይተውብኝ አይምሰልህ፤ ከሁሉም ቀድሞ የጎረነነው ድምፅ የእኔ ስለነበር ነው። ለእታለም ስነግራት በሳቅ ሞተች። «አንተ ደግሞ! አገጭህ ላይ አንዲት ፀጉር የለህ፣ የምን ሽማግሌ!» ብላ ብትስቅብኝም፣ በሚቀጥለው ስትመጣ የባሏን አሮጌ ጋቢ አጥባ ይዛልኝ መጣች። እርጉዝ ነበረች። ጋቢውን ትከሻዬ ላይ እያስተካከለች «መጥቼ አይሃለሁ፤ ከፊት ወንበር ያዝልኝ» አለችኝ።

ትያትሩ ቅዳሜ ነበር። ሐሙስ ዕለት ምጥ ያዛትና ከነልጇ አረፈች። ዐርብ ቀበሯት። እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም፤ በመስታወት ፊት ቆሜ አገጬ ላይ ጢም በከሰል እስላለሁ።

መርዶ በእኛ አገር እንዴት እንደሚነገር ታውቃለህ። ሰውን መንገድ ላይ አስቁመህ አትነግረውም፤ ባዶ ሆዱንም አትነግረውም። ዘመድ ቤት ወስደህ ታበላዋለህ፣ ታስተኛዋለህ፤ ሊነጋጋ ሲል ሰዎች ከበውት ይረዳል። ሐዘን ጉልበት ይፈልጋል ይላሉ ትልልቆቹ። አጎቴና የንስሐ አባታችን ያንን መርዶ ተሸክመው ቅዳሜ ከሰዓት ደብረ ማርቆስ ገቡ። ክፍሌ ቢያጡኝ ጊዜ ጎረቤቴ የነበረ ተማሪ «አዳራሽ ነው ያለው» ብሎ እዚያው አመጣቸው።

ሰኔ ነበር። ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ ይደበድበዋል፤ ቤቱ የራሰ ጋቢ ይሸታል፤ ከመድረኩ በላይ የተንጠለጠለችው ብጫ አምፖል እልም ቦግ ትላለች። በመጋረጃው ቀዳዳ ሾልኬ ሳይ፣ ለእታለም በያዝኩት ወንበር ላይ አጎቴ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሐል ተክለው ተቀምጠዋል። የእኔ ሰዎች ሊያዩኝ መጡ ብዬ ልቤ ዘለለ። እሷ ባለመምጣቷ ግን ትንሽ ቅር አለኝ።

ተጀመረ። ከክፍል ጓደኞቼ አንዱ ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ እንደ አገር ሽማግሌ እየተጎተተ ገባና ከፊቴ ቆመ። «እግዜር ያጽናህ ወንድሜ፤ ልጅህ አርፋለች» አለኝ። ደረቴን እየደቃሁ ወደቅኩ።

ያኔ ዱላ ወለሉን ሲመታ ሰማሁ። አጎቴ ቆመዋል።

«ማን ነገረው?» አሉ፤ ድምፃቸው ከዝናቡ በላይ ነበር። «እህል ሳይቀምስ ማን ነገረው? እናንተ ሰዎች እግዜርን አትፈሩም?»

አጎቴ በዕድሜያቸው ትያትር አይተው አያውቁም። የከተማ ሰዎች ቀድመዋቸው፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ በባዶ ሆዴ የእታለምን መርዶ ያረዱኝ ነው የመሰላቸው። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከኋላ አንዱ «ይተዉአቸው እንጂ አባባ፣ ጨዋታ ነው!» ብሎ ጮኸ፤ ሳቁ ባሰ። የንስሐ አባታችን በጋቢያቸው ጎትተው አስቀመጧቸው።

እኔ በእፍረት ነደድኩ። ሳቁን ላሸንፈው ብዬ በእልህ አለቀስኩ፤ እንደዚያ አድርጌ በልምምድ ላይ አልቅሼ አላውቅም። ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋና ዝናቡ ብቻ ተሰማ። ከዚያ ጭብጨባው መጣ። አጎቴ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። አሁን ገባቸው፣ እሳቸውንም አስለቀስኳቸው ብዬ ኮራሁ። እንደዚያ የኮራሁበት ቀን ከዚያ ወዲህም የለም።

ስንወጣ የመጀመሪያው ቃሌ «አሳፈሩኝ እኮ!» የሚል ነበር። ሰላም እንኳ አላልኳቸውም።

«ይቅር በለኝ ልጄ» አሉ። «ባላገር ነኝ፣ ትያትር አላውቅም።»

«እታለምስ?»

«ደክሟታል» አሉ። የንስሐ አባታችን ፊታቸውን ወደ ዝናቡ አዞሩ።

አንዲት ዘመዳችን ቤት ወሰዱኝ። የሐዋርያት ጾም ስለነበር ሽሮ ቀረበ። አጎቴ አንድ ጉርሻ ለራሳቸው ሳይሉ እኔን ያጎርሱኛል። እኔ ደግሞ የጭብጨባው ስካር አልለቀቀኝም። ጉርሻውን ሳልውጥ ብድግ ብዬ ዱላቸውን አነሳሁና፣ ወለሉን መትቼ፣ ድምፃቸውን አስመስዬ «እህል ሳይቀምስ ማን ነገረው?» አልኩ። ብቻዬን ሳቅኩ። የቤቱ እመቤት ወደ ጓዳ ገባች። አጎቴ ግን ፈገግ ብለው «ልክ ነህ፤ እንደዚያ ነው ያልኩት» አሉኝ። «በል ና ተቀመጥ፤ አሁን ብላ።»

ሊነጋጋ ሲል ቀሰቀሱኝ። በዚያ ግራጫ ብርሃን ሰዎች ዙሪያዬን ቆመው ሳይ፣ ማንም አፉን ሳይከፍት አወቅኩት። አላለቀስኩም። አንዲት ጠብታ አልወጣኝም። ሴቶቹ «ልጁ ደነገጠ» ተባባሉ። እኔ ግን የማስበው ስለ እታለም እንኳ አልነበረም፤ ስለዚያ ዱላ ነበር፣ አንስቼ ስለሳቅኩበት ዱላ።

ከዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ገብቼ በመጀመሪያው ፊልሜ ላይ «አልቅስ» ስባል፣ አጎቴ ከፊት ወንበር ተነስተው ታዩኝ። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ከዚያ ወዲህ ስንት አባት፣ ስንት ባል ሆኜ እንዳለቀስኩ ቁጥሩን አላውቀውም። ዛሬ ባጃጅ ነጂው ሁሉ ያውቀኛል፤ ሠርግ ቤት ሳይቀር ስልኩን ደቅኖ «እስቲ ትንሽ ያልቅሱልን» የሚለኝ አለ። ዝናን አላማም፤ አብልቶኛል፣ ልጆች አሳድጎልኛል። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። እታለምን ለራሷ ብዬ አልቅሼላት አላውቅም። ያለኝን ሐዘን ሁሉ ሥራ ላይ አዋልኩት።

አጎቴ ፊልሜን ያዩት አንድ ጊዜ ነው፣ ይጁቤ ሻይ ቤት ውስጥ። ማልቀስ ስጀምር ተነስተው ወጡ አሉ። ኋላ አገር ቤት ስሄድ «ምነው፣ አልወደዱትም እንዴ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ዛሬም ሳያበሉህ ነው የሚነግሩህ?» አሉኝ።

እኔ ሳቅኩ፤ እሳቸው አልሳቁም።

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት ለቀረጻው ስንመጣ፣ እሑድ ይጁቤ ወርጄ ላያቸው አስቤ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ልብስ እያለበሱኝ ስልኬ ጮኸ። የአጎቴ ልጅ ነው። «አባባ ሌሊት አረፉ፤ ቀብር ዛሬ ስምንት ሰዓት ነው» አለኝ። የባጃጅ ጡሩምባ ከኋላው ይሰማል። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ሠላሳ ሰው ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ትዕይንቱን ቶሎ ጨርሼ ልውረድ አልኩና ለማንም ሳልነግር ካሜራው ፊት ተቀመጥኩ። ዓይኔ ደረቀ። ሦስቴ ሞከርኩ፤ እንደዚያ ንጋት አንዲት ጠብታ እምቢ አለኝ። ልጅቷ ቅባቱን ይዛ የመጣችው ያኔ ነው።

«ይቅርብኝ ልጄ» አልኳት። ፊቴን አይታ ጎንበስ አለች።

«ጋሼ፣ ግን ቁርስ በልተዋል?» አለችኝ።

እዚያው አለቀስኩ። ለአጎቴ፣ ለእታለም፣ ለሁለቱም ባንድ ላይ። ዳይሬክተሩ እጁን አንስቶ «እንዳታቋርጡ!» ይላል፤ ካሜራው ተጠጋ። ስጨርስ ሁሉም አጨበጨቡ። በእንባዬ ውስጥ ቀና ብዬ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየሁ፤ ሁሉም ደስ ብሏቸዋል። ተነስቶ «ማን ነገረው?» ያለ አልነበረም።