የኦቦ ቱፋ ገመድ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ኮምፒውተሩን ከፍቶ የአንድ ጣሪያ ስዕል አሳየኝ። አንዲት ቁልፍ ሲነካ እንጨቶቹ ግማሾቹ ቀይ፣ ግማሾቹ ሰማያዊ ሆኑ። ቀዩ የሚሳበው፣ ሰማያዊው የሚጨመቀው ነው። "አዩ ጋሼ፣ በአንድ ሰከንድ!" አለኝ። "ጎበዝ" አልኩት፤ ልቤ ግን ሱሉልታ ሄዶ ነበር።

በጃንሆይ ዘመን ነው። ከኮሌጅ ከወጣሁ ገና ስድስት ወሬ፣ ሱሪዬ የተተኮሰ፣ ደረቴ የተነፋ። የሱሉልታ ሕዝብ ተባብሮ ለሚያሠራው የትምህርት ቤት አዳራሽ መሐንዲስ ተብዬ ተላክሁ። በጭነት መኪና እንጦጦን ተሻግሬ ስወርድ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ግንቦት እያለቀ ነበር፤ ክረምቱ ሳይገባ ጣሪያው ካልወጣ ልጆቹ አንድ ዓመት ደግሞ ዛፍ ሥር ሊማሩ ነው።

የአናጢዎቹ አለቃ ኦቦ ቱፋ ይባላሉ፤ አጭር፣ ሽበታም፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው። ጠዋት ጠዋት ከቤታቸው ጭኮ ይዘውልኝ ይመጣሉ። "ብላ ልጄ፣ የሱሉልታ ብርድ በባዶ ሆድ አይቻልም" ይሉኛል። የገብሱና የቅቤው ጣዕም እስከ ዛሬ አፌ ላይ አለ።

ታዲያ መሀል ላይ እንጨት አነሰን። ሁለት ቀን ተቀምጬ ጣሪያውን በሚሸከመው ማዕቀፍ ላይ ያለውን ኃይል መገጣጠሚያ በመገጣጠሚያ አሰላሁ። ከመሀሉ ቋሚ ግርጌ ተነስተው ላይኛዎቹን ተዳፋት እንጨቶች የሚነኩት ሁለት ሰያፎች "ይሳባሉ" የሚል መልስ ወጣልኝ። የሚሳብ ነገር ደግሞ ወፍራም መሆን አያስፈልገውም። "ሰያፎቹን በቀጭን ብረት ተኩ፣ እንጨቱም ይተርፈናል" ብዬ አዘዝኩ። በብልጠቴ ራሴው ተደነቅሁ!

ኦቦ ቱፋ ከሰው ለየት አድርገው ወሰዱኝ።

"ልጄ፣ እኔ ወረቀቱን አላነብም። ግን እነዚህ እንጨቶች የሚሳቡ አይመስሉኝም።"

"ይሄ እኮ ሒሳብ ነው፣ ኦቦ ቱፋ!" አልኳቸው። አቤት ድፍረቴ!

አልተቆጡም። "ገመድ መሳብ ያውቃል፤ መግፋት አያውቅም። እስቲ እሱን እንጠይቀው" አሉ።

አንዱን ማዕቀፍ በሁለት ድንጋዮች ላይ አቆሙ። ሰያፎቹን አወጡና በቦታቸው ገመድ ወጥረው አሰሩ። እኔ ልክ ከሆንኩ ገመዱ ጭነት ሲያርፍበት ይብሱን ይወጠራል። አራት ጎልማሶች ተዳፋት እንጨቶቹ ላይ ተንጠለጠሉ። እንጨቶቹ ጎበጡ፣ ሲጥ አሉ፤ ገመዱ ደግሞ እንደ ልብስ ማስጫ ረገበ።

"ቡኣ! ውረዱ!" ብለው ጮሁ ኦቦ ቱፋ።

ደብተሬን ገለጥኩ። ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ስገለብጥ አንዲት የመቀነስ ምልክት ጥያለሁ። በእሷ ምክንያት የሚጨመቀው እንጨት የሚሳብ ሆኖ ታየኝ። ሲጨመቅ የሚታጠፈው ያ ቀጭን ብረት ገብቶ ቢሆን ኖሮ አንድ ብርቱ የበረዶ ዝናብ ጣሪያውን ልጆቹ ላይ ያወርደው ነበር። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ጩኸቱን የሰሙ የሠፈሩ ሽማግሌዎች ሮጠው መጡ። "ምን ተፈጠረ?" አሉ። አፌን ሳልከፍት ኦቦ ቱፋ ቀደሙኝ።

"ምንም። መሐንዲሱ ናቸው ብረቱን ከማስገባታችሁ በፊት በገመድ ፈትኑት ብለው ያዘዙን። እንጨቱ እንዳለ ይቆያል።"

"አይ፣ የተማረ ይግደለኝ!" አሉ አንዱ ሽማግሌ፣ ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ። ሊገድላቸው ምንም እንዳልቀረው የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነበርን። እኔም እጅ ነስቼ ምስጋናውን ተቀበልኩ።

የጎደለውን እንጨት ኦቦ ቱፋ ከገዛ ጓሯቸው ባሕር ዛፍ ቆርጠው ሞሉት። ጣሪያው ከዝናቡ ቀድሞ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጣሪያ ሠርቻለሁ፤ አንዱም አልወደቀም። ሰው ሲያመሰግነኝ ግን ዛሬም አንገቴን እደፋለሁ፤ ትሑት ነው ይሉኛል። ትሕትና አይደለም፣ እፍረት ነው። ያን ቀን "እሳቸው ናቸው" ማለት አቅቶኝ፣ ነገ ዛሬ ስል ኦቦ ቱፋ አረፉ። እናንተ በዚያ አዳራሽ የተማራችሁ የሱሉልታ ልጆች፣ ዛሬ ሽማግሌ ሆናችኋል፤ ያተረፋችሁ መሐንዲሱ አይደለም። ኦቦ ቱፋ ናቸው።