እማዬና የአለቃዬ ቀይ በር

በዘጠናዎቹ መጨረሻ ጃፓናዊው አለቃዬ እኔንና እማዬን ብሩክሄቨን በሚባል ሰፈር ያለው ቤቱ ምሳ ጠራን። መኪናዬን ፓርክ ሳደርግ ጓሮው ውስጥ ቀይ የእንጨት በር፣ ከበሩ ጀርባ ደግሞ ከአያቱ መንደር ያስመጣት አሮጌ የሺንቶ፣ የጃፓኖች ጥንታዊ እምነት፣ መቅደስ ታየችኝ።

በቃ፣ ዛሬ ፋየር መደረጌ ነው አልኩ በልቤ። እማዬ ጴንጤ ከሆነች ሃያ ዓመቷ ነው፤ ጣዖት ካየች ገበያ መሃልም ቢሆን ጮክ ብላ ትገሥጻለች።

«እማዬ፣ ፕሊስ!» አልኳት።

ቀጥ ብላ ወደ በሩ ሄደች። ሊቀበለን የወጣው አለቃዬ ፈገግታው ጠፋ። ጩኸቷን እየጠበቅኩ ዓይኔን ጨፈንኩ። ምንም ድምፅ የለም።

ስገልጥ እማዬ ጫማዋን አውልቃ፣ የበሩን ቋሚ ልክ እንደ ማርያም ደጅ ግራና ቀኝ ትሳለማለች።

ቀና ስትል ከእኔ በላይ ደንግጣለች።

«ለፓስተሩ ትንፍሽ ብትዪ ወየውልሽ!»