ገብረመድኅን ጭቃ ሲያደንቅ

አስካለማርያም በሰው አገር፣ አርሊንግተን ከተማ ውስጥ የአረጋውያን መጦሪያ ሠራተኛ ናት። ምላሷ ማንንም አይምርም፤ ከሁሉ አብልጣ የምትንቀው ግን ታናሽ ወንድሟን ገብረመድኅንን ነው። ፕሌኖ ውስጥ ትልቅ ቤት ገዝቶ፣ ኦፊስ ገብቶ ክራባት ካሰረ ወዲህ በሰው ፊት "እኛ ቪላ ውስጥ ነው ያደግነው" ማለት ጀምሯል።

በፈረንጆቹ 1996 ሰመር አንድ ቅዳሜ ልጁን ሩሐማን ይዞ መጣና፣ "ነይ ሙዚየም ልውሰድሽ፤ አንቺም ትንሽ ዓይንሽ ይከፈት" አላት። አንድ የነዳጅ ከበርቴ፣ አምስት መቶ ዓመት ያለፈው የእንጨት ቤት ከእንግሊዝ አገር ነቅሎ ግሬፕቫይን ከተማ አጠገብ ሙዚየም አድርጎ ተክሎታል።

መኪናውን ፓርክ አድርጎ ገቡ። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ቋሚና አግዳሚው አፍጥጦ የሚታይ ቤት ነው። በአንዱ ግድግዳ ላይ ልስኑን ገልጠው በመስታወት ሸፍነውታል፤ ውስጡ እንጨት፣ ጭቃና ጭድ ነው። ገብረመድኅን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ራሱን ነቀነቀ።

"ኢንክሬዲብል! ማለቴ፣ ጥበቡን ተመልከቺ። የሠለጠነ ሕዝብ ቅርሱን እንዲህ ይጠብቃል።"

አስካለማርያም መስታወቱን አየች፤ እሱን አየች። ከዚያ ሳቋን ለቀቀችው። አስጎብኚዋ ሳትቀር ዞራ አየቻት።

"ጭቃ እኮ ነው፣ ገብሬ! እማዬ ቤቱን ስታስመርግ በእግርህ ያቦካኸው ጭቃ!"

"ኧረ ቀስ በይ፣ ልጅቷ ትሰማለች።"

"ትስማ እንጂ! ሩሐማ፣ የአያትሽ ቤት ልክ እንደዚህ ነበር። አባትሽ እዚህ ሆኖ 'ያሳፍረኛል፣ ይፍረስ' ብሎ በብሎኬት አስቀየረው። አያትሽ ፍርስራሹን እያየች እህል አልቀምስ አለች። እሱ ደግሞ ዛሬ ቲኬት ቆርጦ የፈረንጅ ጭቃ ይሳለማል።"

"ዳዲ፣ ሪሊ? ፒክቸር አለ?" አለች ልጅቷ።

"ከየት ይመጣል!" አለች አስካለማርያም። "ፎቶ ስንነሳ የጎረቤት ግንብ ፊት ነበር የሚያቆመን።"

ገብረመድኅን አርሊንግተን አውርዷት ሄደ፤ ከዚያም በኋላ ኮል አላደረገም። እሷ ግን ወሬውን በቤተ ክርስቲያን ግቢ ላገኘችው ሁሉ እያሳቀች ተረከችው።

አንድ እሑድ ሩሐማ ደወለች። "አክስቴ፣ የአያቴ ቤት በሩ የት ነበር?"

 አስካለማርያም በሩን፣ መስኮቱን፣ እናቷ የምትቀመጥበትን መደብ መንገር ጀመረች። መሃል ላይ እነ ሩሐማ ቤት ሌላኛው ስልክ ተነሥቶ የሰው ትንፋሽ ሰማች።

"ገብሬ! እንደ ሌባ አታዳምጥ፤ ወይ ተናገር ወይ ዝጋው!"

አልተናገረም። ስልኩንም አልዘጋውም። እሷም እያጉተመተመች የእናቷን ቤት ጓዳ ለሩሐማ መንገር ቀጠለች።