የመጀመሪያዋ ትራንዚስተር

የቀለጠ እርሳስ ሽታ ከልጄ ክፍል ወጥቶ ሳሎን ድረስ ሲመጣ ከወንበሬ ተነሣሁ። ጠረጴዛዋ ላይ ሁለት ጥቋቁር ቺፖች አስቀምጣለች፤ የአውራ ጣት ጥፍር አያክሉም። «እማዬ፣ ለጀማሪ የትኛው ይሻላል?» አለችኝ። ቀልዷን ነበር፤ እናቷ ስለዚህ ነገር አንዳች የማታውቅ ይመስላታል። «እንጃ» ብያት ወጣሁ። እሷን በማክልበት ዕድሜ ይህንኑ ጥያቄ ተጠይቄ ነበር፤ መልስም ነበረኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ጎንደር ፒያሳ፣ ከአንድ ጫማ ቤት ጎን፣ አንድ ራዲዮ ጠጋኝ ጠባብ ክፍል ነበረችው። ቀድሞ በጦሩ መገናኛ ክፍል ያገለገለ፣ ግራ እግሩን የሚያነክስ ሰው ነበር። የአምባ ጊዮርጊስ ተወላጅ ስለሆነ ሁላችንም እንደ አገሩ ወግ «አያ» እንለዋለን። የቤታችንን ራዲዮ ላሠራ ሄጄ፣ የራዲዮውን ሆድ ከፍቶ ሲያሳየኝ ልቤ እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት ስወጣ በየቀኑ እሱ ዘንድ ነበርኩ። ክፍሉ አቧራና የጋለ ላስቲክ ይሸታል። ከሰዓት በኋላ በበሩ የሚገባው ብርሃን በተፈታቱት ራዲዮዎች ላይ ያርፋል፤ አንዱ ሲያፏጭ ሌላው ይንሾካሾካል።

«ራዲዮ ልሥራ» ስለው አልሳቀብኝም። ከጣሳ ውስጥ የራዲዮ ድምፅ የሚያጎሉ ሁለት ትራንዚስተር አውጥቶ መዳፉ ላይ አኖራቸው። አንዷ የሚያብለጨልጭ የብረት ቆብ የደፋች፣ ሌላዋ ጥቁር ፕላስቲክ።

«ብረቷ አሮጊት ናት፤ ደካማ ድምፅ ሳይቀር ትሰማለች። ግን ሙቀት ይገድላታል። ጥቁሯ ጠንካራ ናት፤ ብትሳሳቺም ትችልሻለች። እኔ አልመርጥልሽም።»

ብረቷን አነሣሁ።

«ምነው እሷን?»

«ትሰማለች አልከኝ።»

«ሸጋ! እንግዲያው ስትበይጃት እግሯን በፒንሳ ያዢላት፤ ሙቀቱ ወደ ፒንሳው ይሂድላት።»

ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። በሣሙና ካርቶን ውስጥ ከባትሪ ድንጋይ ጋር ገጠምኳት፤ ከጣራችን እስከ ጓሮው ባሕር ዛፍ ሽቦ ዘረጋሁ። ቅዳሜ ጠዋት ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሳደርግ አንዲት ሴት ዜና ታነባለች። ምን እንዳነበበች አላስታውስም። ብቻዬን ቆሜ ማልቀሴን ግን አስታውሳለሁ። ሰኞ ለአያ ልነግረው ነበር።

ሽቦውን ያየ ሰው ለቀበሌ ነገረ። እሑድ ከምሳ በፊት የቀበሌው ካድሬ ከሁለት የአብዮት ጥበቃዎች ጋር መጣ። ወጣት ነው፤ ጥርሱ ያምራል። ካርቶኗን አገላብጦ አየና ፈገግ አለልኝ።

«አንቺ ነሽ የሠራሽው? ጎበዝ! አብዮቱ የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ልጅ ነው። ማን አስተማረሽ?»

ኮራሁ። ስሙን ነገርኩት።

ከሰዓት በኋላ እኔንና አባቴን ቀበሌ ጠሩን። አያ ከንፈሩ አብጦ፣ የታመመ እግሩን ወደ ጎን ዘርግቶ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ካድሬው አሁን አይስቅም። ካርቶኗን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ፣ «ለወንበዴ መልእክት የምታስተላልፍበት ነው» አለው።

«ይህች መስማት እንጂ መናገር አትችልም» አለ አያ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ልጄ፣ አንቺ ታውቂያለሽ። ንገሪያቸው።»

አውቅ ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ ከእሱ ሌላ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አባቴ የሆስፒታል መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ በአንዲት ቃል ሰው እንደሚጠፋ ያውቃል። ትከሻዬን ጫን አድርጎ ያዘኝ።

«ዕቃውን ማን መረጠው?» አለኝ ካድሬው።

«እሱ» አልኩ። «ሥሪ ብሎ ሰጠኝ። ምን እንደሆነ አላውቅም።»

አያ አልተቆጣም። አንገቱን ብቻ ደፋ። እኛን አሰናበቱን፤ በሩ ሳይዘጋ የመጀመሪያውን ምት ሰማሁ። አባቴ «ዞር እንዳትዪ» አለኝ። አልዞርኩም።

በሳምንቱ የአያ ሚስት ሕፃን አዝላ ደጃችን መጣች። «ልጅቷ እውነቱን ትናገርልኝ፤ ሌላ ምንም አልለምንም» ትላለች። አባቴ በሩን ሳይከፍት «እዚህ ልጅ የለም» አላት። እኔ ከበሩ ኋላ ቆሜ ሕፃኑ ሲስል እሰማ ነበር። ብዙ ቆየች። ከዚያ ሳሉ እየራቀ ሄደ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ለጥምቀት ቀሐ ወንዝ ወርጄ ሕዝቡ መሐል አያን አየሁት፤ ተፈትቶ ኖሯል። ጠጉሩ ነጭ ሆኗል። ልሸሽ ስል ቀድሞ ጠራኝ። ልስመው ስጠጋ እጆቹን ከጋቢው ውስጥ አላወጣም፤ ጋቢው ሸርተት ሲል ግን አየኋቸው። ጣቶቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው ደርቀዋል፤ ፒንሳ ቀርቶ ማንኪያ የሚይዙ አይመስሉም።

«አደግሽ! ምን ትማሪያለሽ?»

«ታይፕ።»

«ምነው? ራዲዮውስ?»

«ተውኩት፣ አያ።»

ይቅርታ ልለው አሰብኩ፤ ግን የተንሸራተተ ጋቢውን ብቻ መልሼ አለበስኩት። እሱን ግን የሚያሳዝነው ሌላ ነገር ነበር።

«ራዲዮሽን ያን ቀን ጠረጴዛው ላይ አየኋት» አለኝ። «ብየዳሽ ንጹሕ ነበር። መተው አልነበረብሽም።»

ታቦቱ ቀረበ፤ ሕዝቡ እልል እያለ ገፋን። ስሙን ጠራሁ፤ አልሰማኝም። እያነከሰ ሲሄድ የሕዝቡ ነጠላ ሁሉ አንድ ሆነና እሱ ከዓይኔ ጠፋ።