«ሜዳ ነው»

ባሕር ዳር ብስክሌት የምንነዳ የሥራ ባልደረቦች አንድ ረጅም ጉዞ እያቀድን ነው። በወረታ አድርገን፣ የፎገራን የሩዝ ማሳ ዞረን፣ በሌላ መንገድ ልንመለስ። መንገዱ ሰላም ሲሆን ነው እንግዲህ። መቼ እንደሚሆን የሚያውቅ የለም፤ ማቀድ ግን አልተከለከለም። ባለፈው እሑድ አንዱ ካርታውን በስልኩ ከፍቶ በጣቱ እየተከተለ «አታስቡ፣ ሙሉውን ሜዳ ነው» አለ። ይህን ቃል ስሰማ ሰበብ ፈልጌ ወጣሁ።

ሰቆጣ ባደግሁበት ቤት ግድግዳ ላይ አንድ አረንጓዴ ብስክሌት ተሰቅሎ ነበር። አባቴ ቆቦ ሲያስተምር የገዛው ነው። ቆቦ ሜዳ አገር ነው፤ ወደ ሰቆጣ ሲዛወር ዳገቱ አሰለቸውና ሰቀለው። የሰንሰለቱን ቅባትና የጎማውን ሽታ ዛሬም አልረሳሁትም። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ከኪሮስ ጋር ሄደን የምናሸተው እሱን ነበር። ኪሮስ የክፍሌ ልጅ ነው፤ ከአበርገሌ ቆላ ለትምህርት መጥቶ እኛ ግቢ ተከራይቶ ይኖር ነበር። ስንቁን አባቱ አያ ገብሬ በገበያ ቀን በአህያ ጭነው ያመጡለታል። ሲናደድ በኽምጣና ይሳደባል፤ እኔም ከቋንቋው መጀመሪያ የለመድሁት ስድቡን ነው።

የኪሮስ ምኞት አንድ ነበር፤ በብስክሌት እናቱ ደጅ መድረስ። እናቱ ብስክሌት አይታ አታውቅም። በትምህርት እረፍት በእግር መንገዱ ወርደን፣ እሷ ዘንድ አድረን፣ በኒሯቅ በኩል በመኪናው መንገድ ዞረን ልንመለስ አቀድን። ካርታችን የግቢው አፈር ነው። ሰቆጣ ጠጠር፣ ኒሯቅ ቆርኪ፣ የእናቱ ቤት የማሽላ ፍሬ ነበር። ማሽላዋን ዶሮ እየለቀመችብን ስንት ጊዜ ቤቱን እንደገና ሠራነው! አባቴ ግን ገደል ካለበት ብስክሌቱን አልሰጥም አለ። ስለዚህ በገበያ ቀን አያ ገብሬን ጠየቅኋቸው።

«አያ፣ እስከ እርስዎ ቤት መንገዱ እንዴት ነው?»

«ሜዳ ነው» አሉ፣ የአህያቸውን ጭነት እያጠበቁ። «ሜዳ ለሜዳ ስትሉ ትገባላችሁ።»

አባቴ ይህን ሲሰማ ብስክሌቱን አወረደልን።

መጀመሪያ መንገዱ እውነትም ለጥ ያለ ነበር። አንዳችን እየነዳን አንዳችን ከኋላ ተቀምጠን ዘፈንን። ከዚያ ምድሩ ቁልቁል ወረደ። ፍሬኑ የተቃጠለ ጎማ ሸተተ፤ ቀጥሎ ጨርሶ አልይዝ አለ። ድንጋይ ላይ ወደቅን። የኪሮስ ጉልበት ተላጠ፣ የፊት ቸርኬው ተጣመመ። ብስክሌቱን ተራ በተራ እየተሸከምን፣ ውሃችን አልቆ፣ ፀሐይ አናታችን ላይ እንደቆመች አያ ገብሬ አህያቸውን እየነዱ ከቆላ ሲወጡ አገኙን።

«ምነው ልጆቼ፣ እሱ ነው እናንተን ሚሸከም ወይስ እናንተ?»

«አያ፣ ሜዳ ነው አላሉንም?» አልሁ፤ እንባዬ መጥቶ ነበር።

ከልባቸው ተገረሙ። «ነው እንጂ! አህያዬ ጭነቷ ሳይወርድላት ምታልፍበት፣ ምኑ ገደል ነው?»

አልዋሹንም። በእሳቸው አገር ገደል የሚባለው ጭነቱ ከአህያዋ ወርዶ በሰው ጀርባ የሚሻገርበት ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ ሜዳ ነው። እኛ ስለ ጎማ ጠየቅን፣ እሳቸው ስለ አህያ መለሱ። ከቆምንበት ታች የመንደራቸው ጭስ ይታያል። ኪሮስ ዓይኑን ከዚያ አልነቀለም። «እመጣለሁ ብያታለሁ፤ ደጅ ቁማ ትጠብቀኛለች» አለ። አያ ገብሬ ብስክሌቱን ከአህያዋ ጭነት ላይ አስረው ወደ ሰቆጣ መለሱን።

ሰፈሩ ሳቀብን። ቃሉም የእኛ ቀልድ ሆነ። የሒሳብ ፈተና ሲከብደን «ሜዳ ነው» እንባባል ነበር።

ኪሮስ ትምህርቱን ጨርሶ አገሩ ገባ። ዝናቡ ቀረ፣ ጦርነቱ መጣ፣ ከብቶቻቸው አለቁ። አንድ ቀን ደወለልኝ፤ በጅቡቲ በኩል ሳውዲ ሊሄድ ነው። መንገዱ እንዴት ነው አልሁት። «ደላላው ሜዳ ነው ብሎኛል» አለና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም።

አብሮት ሄዶ የተመለሰ አንድ ልጅ፣ በረሃው ላይ ኪሮስ መራመድ አቅቶት ተቀምጦ እንደተለያዩ ተናግሯል። ሲሞት ያየ ግን የለም፤ ስለዚህ መርዶ የሚነግር ሰው ጠፋ፣ እናትና አባቱም ለቅሶ አልተቀመጡም። ያኔ ሜዳው ሲከዳን ጭነው የሚመልሱን አያ ገብሬና አህያቸው ነበሩ። እሱን ከዚያ በረሃ ማን ይመልሰው? ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ያን እሑድ እንደወጣሁ ለአያ ገብሬ ደወልሁላቸው። አርጅተዋል። እንደ ሁልጊዜው መጀመሪያ ያሉኝ «ደወለልህ እንዴ?» ነው። አልደወለም አልኋቸው።

«አንተ የሩቁን አገር መንገድ በስልክ ታያለህ አሉ» አሉኝ። «እስቲ እሱ የሄደበትን እይልኝ። ምን ይመስላል?»

ካርታውን ከፈትሁት። በረሃው እስከ ባሕሩ ድረስ ቢጫ ሆኖ ተዘርግቷል።

«ሜዳ ነው፣ አያ» አልኋቸው።

«እንዲያ ከሆነማ ይመጣል» አሉ፤ ድምፃቸው ቀለል ብሎ። «ቆይ፣ ለናቱ ልንገራት።»