ሐጂ ያልወደዱት መጽሐፍ

የያዙኝ መካነ ሰላም ገበያ መሐል፣ ድንች በፌስታል አንጠልጥዬ ስሄድ ነው። ያስገቡኝ ከአንድ ግቢ ጀርባ ያለ የቆርቆሮ መጋዘን ነበር። ቀድሞ ማዳበሪያ ይቀመጥበት ስለነበር ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ጠዋት ቆርቆሮው እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል፤ ቀትር ላይ ደግሞ ይጋግራል።

ውስጥ ሦስት ሰዎች አገኘሁ። አንደኛው ከከላላ የመጡ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ሁላችንም ሐጂ እንላቸዋለን። ሁለተኛው ከሳዑዲ የተመለሰ ሾፌር፣ ሦስተኛው የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ማናችንም ዳኛ ፊት አልቀረብንም፤ የመዝገብ ቤቱ ሰው እንኳ።

አንድ ቀን ባለቤቴ ከምትልክልኝ ምሳ ጋር መጽሐፍ ላከችልኝ። ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ከውጭ ቋንቋ የተተረጎመ ወፍራም ልብ ወለድ ነው። የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኞች ከአንድ ሀብታም ጋር አሲረው ንጹሕ ሰው ሊያስቀጡ ሲሉ አንዲት ወጣት ጠበቃ ትደርስባቸዋለች። ጠባቂው ገለጥ ገለጥ አድርጎ፣ መምህር መሆኔን ስለሚያውቅ፣ የትምህርት መጽሐፍ መስሎት አሳለፈው።

ጮክ ብዬ ላነብላቸው ጀመርኩ። ምነው ባልጀመርኩ!

የመዝገብ ቤቱ ሰው አንድ ገጽ አያስጨርስም። "ቆይ ቆይ፣ ሰኞ ተፈርዶ ማክሰኞ ይግባኝ? የውሳኔው ግልባጭ መቼ ወጣ?"

"ልብ ወለድ ነው እኮ።"

"ልብ ወለድም ቢሆን ግልባጭ ያስፈልገዋል።"

ሾፌሩ በሌላ በኩል ይይዘኛል። "ወላሂ መምህር፣ አደከምከኝ። ሰውየው ይፈታል አይፈታም? መጨረሻውን ገልጠህ ንገረኝና ኸላስ።"

"ስንደርስ ታውቃለህ።"

"እስክንደርስ እዚህ ልቀመጥልህ ነው?"

ቀጣዩን ገጽ ገለጥኩ።

የባሱት ግን ሐጂ ናቸው። ዳኞቹ በአንድ እርሻ ቤት ተደብቀው የሚመካከሩበት ምዕራፍ ላይ ስደርስ "ውሸት ነው!" ብለው ጮኹ።

"ምኑ ነው ውሸቱ ሐጂ?"

"ለምን ይደበቃሉ? ሰው የሚደበቀው የሚፈራው ሲኖር ነው። እኔን የያዙኝ በጠራራ ፀሐይ፣ ሱቄ በር ላይ፣ ደንበኛ ፊት ነው። ያረቢ! ይሄ ደራሲ ሴራ የሚባል ነገር አያውቅም።"

ተናድጄ መጽሐፉን ዘጋሁት። መልሰው አስከፈቱኝ። እንደገና ዘጋሁት።

ያን ቀን ሐጂ ይፈታሉ ተብሎ ነበር። ጠባቂው ጠዋት "ከሰዓት ይዘጋጁ" ስላላቸው ጋቢያቸውን አጣጥፈው በፌስታል ከተዋል። ክርክሩ ጦፎ ሳለ በሩ ተበረገደና የግቢው ኃላፊ ገባ።

"የምን ሴራ ነው? የትኛው ፍርድ ቤት ነው?"

መጽሐፉን ከእጄ ወስዶ ጥቂት አነበበና ለሐጂ ሰጣቸው።

"ውሸት ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ጥሩ ብለዋል። በሉ ይቅደዱትና ይውጡ።"

"ይቅደዱት ሐጂ" አልኩ ቶሎ ብዬ። "የኔ ነው፤ ፈቅጃለሁ።"

ሐጂ መጽሐፉን ይዘው ኃላፊውን ቀና ብለው አዩት።

"ልጄ፣ እውነት ነው አልወደድኩትም። ብጠላውም ግን ለራሴ ነው የጠላሁት። ላንተ ብዬ አልቀድም።"

የታጠፉትን ገጾች በመዳፋቸው አቃንተው ለእሱ ሳይሆን ለኔ መለሱልኝ። ኃላፊው አልጮኸም። መጽሐፉን ከእጄ ነጥቆ ወጣ፤ በሩ ተቆለፈ።

ከሰዓት በኋላ ሐጂን የጠራቸው የለም። ሲመሻሽ ጋቢያቸውን ከፌስታሉ አውጥተው አነጠፉ። "አብሽሩ" አሉን፣ መጽናናት የሚገባቸው እሳቸው ሆነው ሳለ። ሾፌሩ ፊቱን ወደ ቆርቆሮው አዙሮ ተቀመጠ።

ኋላ ሁላችንም በየተራ፣ እንደገባነው ያለ ምክንያት ወጣን። እኔ ያንን መጽሐፍ ደሴ ካሉ የአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎች ፈልጌ ገዛሁና ከላላ ድረስ ይዤላቸው ሄድኩ። ሐጂ ጨርቅ እየለኩ ነበር።

"ምን ላድርገው?" አሉኝ። "አልወደድኩትም አላልኩህም?"

መጽሐፉን አልተቀበሉኝም፤ ምሳ ግን አበሉኝ።

ቤቴ ተመልሼ አንብቤ ጨረስኩት። ሰውየው ይፈታል፤ ዳኞቹ ይታሰራሉ። እኛ አንድም ዳኛ ሳናይ ለወጣነው ይህ ፍጻሜ ደሜን አፈላው።

በቅርቡ አንድ የቴሌግራም የአንባቢዎች ቡድን ውስጥ ስለዚሁ መጽሐፍ ሲወያዩ አየሁ። አንዱ ልብ ሰቃይ ነው ይላል፤ ሌላው ረዘመ ይላል፤ አንዷ ደግሞ እንዲህ ያለ ሴራ በእውነተኛው ዓለም አይኖርም፣ ተጋኗል ትላለች። እኔም "አልወደድኩትም" ብዬ ጻፍኩ። ወዲያው ያችው ሴት "ለምን?" ብላ ጠየቀችኝ።

ረጅም መልስ ጻፍኩ፤ አጠፋሁት። እንደገና ጀመርኩ። መሐል ላይ፣ ይህቺን ጥያቄ መመለስ ግዴታዬ እንዳልሆነ ትዝ አለኝ። ስልኬን ኪሴ ከተትኩና ተማሪዎቼ ወደሚጠብቁኝ ክፍል ገባሁ።