ሰው እስኪመጣ

ጋቢው ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ አሰልጣኝ ታየች አንገቷን ደፍታ ነበር። ጭብጨባው ሲቀልጥ ቀና አለች። የኮሌጁ ዲን አቶ እንዳላማው እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ላደረግሽው ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን» አሏት። ልጆቹ እልል አሉ። ፎቶ ተነሡ። ከዚያ ሁሉም የደረሰውን ለስላሳ ጠጥቶ ተበተነ፤ ታየችም አዲሱን ጋቢ እንደለበሰች ባጃጅ ውስጥ ገብታ ወደ ቤቷ አመራች። መንገድ ላይ ነው ልብ ያለችው፤ ለምን እንደተሸለመች የነገራት ሰው የለም።

አብራት የምትኖረው እህቷ ብዙዬ ከገበያ ተመልሳ፣ ያልተሸጠውን ሽንኩርት ከበሰበሰው ስትለይ አገኘቻት። ብዙዬ የጋቢውን ጫፍ ይዛ ዳሰሰችው።

«ጥሩ ፈትል ነው። አሰናበቱሽ በይኛ!»

«ማን አሰናበተኝ?»

«እነሱ ናቸዋ! ሰው ጋቢ የሚደረብለት ሲሸኝ ነው። የታች ሰፈሩ መምህር ጡረታ ሲወጡ ምን ደረቡላቸው? ጋቢ። ያ ረጅሙ ሹም ወደ ሌላ ወረዳ ሲቀየርስ? ጋቢ።»

«ርእሰ መምህሩ ሲሾምም ደርበውለታል።»

«እሱ ካባ ነበር» አለች ብዙዬ፤ እጇን ከሽንኩርቱ ሳታነሣ። «ካባ ለሚመጣ፣ ጋቢ ለሚሄድ። ይህን ለማወቅ ኮሌጅ አይገባም።»

ታየች ጋቢውን አጥፋ ሣጥኑ ላይ አስቀመጠችና ትክ ብላ አየችው።

የተወለደችው ከአማኑኤል ከተማ ወጣ ብሎ ካለ የገጠር ቀበሌ ነው። በልጅነቷ አንድ የስፖርት መምህር የበርሜል አፍ አስቆርጦ በባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ቸነከረና ለሴቶቹ ቅርጫት ኳስ አስተማራቸው። ታየች ቁመቷ ከወንዶቹም ይበልጥ ነበር። አባቷ፣ «ይህ ቁመት ለጎተራ ይመቻል፤ መሰላል አንገዛም» እያሉ ይስቁባት ነበር። ኳስ ስትይዝ ግን የሚስቅባት አልነበረም። አባቷ ሲታመሙ ዘጠነኛ ክፍልን ሳትጨርስ አቋረጠች፤ ብዙም ሳይቆይ ደጀን ላለ ሰው ተዳረች። ባሏ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። እሷ መንገድ ዳር ለሾፌሮች ሻይ ስታፈላ፣ እሱ ዓባይን ተሻግሮ ይሄዳል፣ ይመጣል። አንድ ጊዜ ሄደና ቀረ። አልሞተም፤ ማዶ ሌላ ቤት ሠርቶ ነው። አላለቀሰችም ይባላል። ዕቃዋን ሸክፋ ደብረ ማርቆስ፣ ብዙዬ ዘንድ መጣች።

ኮሌጁ የቀጠራት የስፖርት ዕቃ እንድትጠብቅ ነው። ኳስ ታወጣለች፣ ኳስ ታስገባለች፣ የተነፈሰውን ትነፋለች። የሴቶቹ ቅርጫት ኳስ ቡድን አሰልጣኝ ለትምህርት ሲሄድ የያኔው ዲን በኮሪደር ላይ አስቆሟት፦

«ታየች፣ ድሮ ትጫወቺ ነበር አሉ። ሰው እስኪመጣ ልጆቹን ያዢልን።»

ያዘች። ሰው ግን አልመጣም። የመጀመሪያው ዓመት ላይ የአሰልጣኙ ወንበር ላይ መቀመጥ እንኳ ነውር መስሎ ታይቷት፣ ከተቀያሪዎቹ አግዳሚ ጫፍ ላይ ትቀመጥ ነበር። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት እንዳይሆንባት። በሁለተኛው ዓመት ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ማንም ምንም አላላትም። ክረምት ላይ ሥልጠና ሲኖር ላኳት። ዲኖች ተቀያየሩ። አዲስ የመጣ ሁሉ፣ «የሴቶቹ አሰልጣኝ ማን ናት?» ብሎ ሲጠይቅ፣ «ታየች ናት፤ ሰው እስኪመጣ» ይባላል። እንዲህ እየተባለ ያሠለጠነቻቸው ልጆች ነርስም መምህርትም ሆኑ፣ ወለዱ፣ አንዳንዶቹም ልጃቸውን አዝለው ሊጠይቋት መጡ። የዞኑን ዋንጫ ያነሡበት ዓመት ነበረ፤ በሰፊ ልዩነት ተሸንፈው አንገታቸውን ደፍተው የተመለሱባቸው ብዙ ዓመታትም ነበሩ። መንገድ ሲዘጋ ውድድር ይቀራል፤ እነሱ ግን ከማንም ጋር ለማይጫወቱት ጨዋታ ይለማመዳሉ። በሁዳዴ ልምምዱን ልጆቹ ከጾም ከሚወጡበት ሰዓት በኋላ ታደርገዋለች። በክረምት የሲሚንቶው ሜዳ ስንጥቁ ውኃ ሲቋጥር በመጥረጊያ ትጠርገዋለች። «እንዴት ነሽ?» ላላት ሁሉ መልሷ አንድ ነው፦ «ደክሞኛል፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

በጋቢው ማግስት ሥራ መግባት አለመግባቷ ቸገራት። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ግን እሷ ጋ ነው፤ ቁልፍ ይዞ የሚቀር ሌባ ነው ብላ ሄደች።

ሜዳው ላይ አዲስ ቱታ የለበሰ ወጣት ፊሽካ በአንገቱ አንጠልጥሎ ቆሟል። ልጆቹ ከብርዱ የተነሣ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ከበውታል። ሲያያት ሮጦ መጣና ጎንበስ ብሎ ሰላም አላት።

«አሰልጣኝ ታየች እርስዎ ነዎት? ደመላሽ እባላለሁ። ስለ እርስዎ ብዙ ሰምቻለሁ።»

ስለ ሟች የሚነገር መሰላት። ግን የልጁ ፊት ክፋት የለበትም።

«እንኳን ደህና መጣህ። በል ጀምር» አለችው።

«ኧረ እርስዎ እያሉ! ይጀምሩ።»

«ኧረ አንተ ጀምር፤ ፊሽካውን ይዘሃል።»

«እርስዎም ይዘዋል እኮ።»

እውነቱን ነው፤ የእሷም ፊሽካ አንገቷ ላይ ነበር። የቡድኑ አምበል ሂዊ፣ አፏ የማያርፍ የከተማ ልጅ ናት፤ ከመሐል ጮኸች፦ «ኮቾች! በር ላይ እንደተገናኙ ሽማግሌዎች ሆናችሁ እኮ። አንዳችሁ ግቡና እንግባ፤ ብርዱ ጨረሰን!»

ሳቁ። ሁለቱም ባንድነት ነፉ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ እንዲሁ ሆነ። እሱ ማሟሟቂያውን ያሠራል፤ እሷ ውርወራውን ታለማምዳለች። እሱ ቦታችሁን ጠብቁ ይላል፤ እሷ ሰው ሰው ያዙ ትላለች። አንዱ ሲናገር ሌላው «ልክ ነው» ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ የራሱን ይጨምርበታል። ታየች ታዳምጠዋለች፤ የሚለው ነገር አብዛኛው ትክክል ነው፤ ይህ ደግሞ ነገሩን አባሰባት። ሰነፍ ቢሆን፣ ባለጌ ቢሆን፣ ቢያንስ የሚጠላ ነገር ይገኝ ነበር። ማታ ማታ ብዙዬ ትጠይቃታለች፦

«ዛሬስ ነገሩሽ?»

«ምኑን?»

«መሄድሽን ነዋ!»

«አልነገሩኝም።»

«መቆየትሽንስ?»

«እሱንም አልነገሩኝም።»

«ታዲያ ምንድን ነሽ አሁን?»

ይህን እሷም አታውቅም። ነገሩ ውሉ እንደጠፋ ልቃቂት ሆነባት፤ ጫፉን ያዝሁት ስትል መሐሉ ይሆናል። ሄዶ መጠየቅ ደግሞ ሞት ነው። «ውጪ» ቢሏትስ? «አለሽ» ቢሏትስ፣ ለምና ያገኘችው አይሆንም?

ከፍኖተ ሰላም ከመጣ ቡድን ጋር ግጥሚያ የተያዘው በዚህ መሐል ነው። ሴቶቹ እስከ መጨረሻው ድረስ ተናንቀው ተጫወቱ። ማብቂያው ሲቃረብ ነጥቡ እኩል ሆነ፤ ታየች የደቂቃ እረፍት ጠየቀች። ልጆቹ እያለከለኩ መጥተው ከበቧት፤ ደመላሽም ከጎኗ ቆመ። ምን እንደሚባል ታውቅ ነበር። አፏን ስትከፍት ግን የእሱም አፍ ሲከፈት አየች፤ ዘጋች። እሱም ዘጋ።

«ይናገሩ» አላት።

«አይ፣ አንተ ያየኸውን ንገራቸው።»

«እርስዎ ነዎት የጠሩት፤ በእግዚአብሔር ይናገሩ።»

«ኧረ ግድ የለም…»

ልጆቹ ዐይናቸውን ከእሷ ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ እሷ ሲያመላልሱ ዳኛው ነፋ። እረፍቱ አለቀ።

ማሬ ከሁሉም ረጅሟ ናት፤ የመጣችውም ታየች ከተወለደችበት አካባቢ ነው። ከቅርጫቱ ሥር እንድትቆም ወይም ተጋጣሚዋን ተከትላ እንድትወጣ አንድ ሰው ሊነግራት ይገባ ነበር። አልተነገራትም። ኳሱ ሲመጣ ግማሽ መንገድ ላይ ተገኘች፤ ወደዚህም ወደዚያም ያልሆነች። የፍኖተ ሰላሟ ልጅ ብቻዋን ገብታ አስቆጠረች። በዚያችው ተሸነፉ።

ማሬ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ አለቀሰች። ታየች አጠገቧ ተቀመጠች።

«በጨዋታ መሸነፍ ያለ ነው፣ ልጄ።»

«መሸነፉ አይደለም፣ ኮች» አለች ማሬ ከነጠላው ሥር። «እሳቸው ቁሚ ይላሉ፣ እርስዎ ውጪ ይላሉ። ዛሬ ደግሞ ሁለታችሁም ዝም። እኔ ማንን ልስማ? ንገሩኝና አንዳችሁን ልስማ።»

ታየች በበነጋው ዲኑ ቢሮ ገባች። አቶ እንዳላማው ተቀመጪ ቢሏት እምቢ አለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው። ተሰናብቻለሁ ወይስ አለሁ?»

«ማን አሰናበተሽ?»

«ጋቢ ደረባችሁልኝ።»

ሰውየው መነጽራቸውን አወለቁ። «ልትሄጂ ነው ሲባል ሰማን፤ ቅር ሳይላት እንሸኛት አልን። በማግስቱ ስትመጪ አየንሽ። እሰይ፣ ሐሳቧን ቀየረች ብለን ዝም አልን።»

«እኔ የት ልሄድ? ልትሄድ ነው ያለ ማነው?»

«አንቺው ራስሽ! ጠዋት ደከመኝ፣ ማታ ደከመኝ ትዪ የለም እንዴ?»

«ደከመኝማ የማይል ማን አለ፣ አቶ እንዳላማው?»

«እሱስ እኔም እላለሁ» አሉና ሳቃቸውን ዋጡት።

«ታዲያ ደመላሽስ?»

«ያው ሰው እስኪመጣ ነበር የተባለው፤ ሰው መጣ። ግን አንቺም ካለሽ…» ግንባራቸውን አሹ። «እኔ እሄዳለሁ ብለሽ አልነገርሽኝ፤ እሱም ብቻዬን ልያዘው አላለኝ። ሁለታችሁ ተነጋገሩና የሆናችሁትን ንገሩኝ።»

ወጣች። መልስ ያገኘች መስሏት ነበር፤ ደረጃውን ስትወርድ እጇ ላይ ምንም እንደሌለ ታወቃት።

ደመላሽ የዕቃ ቤቱ በር ላይ ኳሶቹን በመረብ እየሰበሰበ ነበር። ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አቃታት።

«አንተን ሲቀጥሩህ ምን አሉህ?»

ልጁ አፈረ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። 'ሴትየዋ እስክትሄድ አግዛት' አሉኝ።»

«መቼ ነው የምሄደው?»

«እኔም እሱን ነው የምጠብቀው… ማለቴ፣ ይሂዱ ማለቴ አይደለም። እርስዎ ሲነግሩኝ ብዬ ነው እንጂ።»

እሷ ሰው እስኪመጣ፣ እሱ እሷ እስክትሄድ። ታየች የምታደርገው ጠፍቷት ሳቀች። እሱም ፈራ ተባ እያለ ሳቀ።

«ስማኝ ደመላሽ። ማሬ ትናንት የተሸነፈችው በእኛ አፍ ነው። በጨዋታ ጊዜ የሚናገረው አንድ ሰው ይሁን።»

«እርስዎ ይሁኑ።»

«እውነትህን ነው ወይስ ይሉኝታ ነው?»

ልጁ ኳሱን እጁ ላይ አዙሮ አዙሮ አየው። «እኔ እንጃ፣ አሰልጣኝ። ሁለቱን መለየት አቅቶኛል።»

እሷም አልለየችውም። ፊቱን አየችው፤ ምንም አይነበብም። ይሉኝታም ቢሆን ከአፉ ወጥቷል፤ ከአፍ የወጣ ደግሞ ይያዛል አለች በልቧ።

«እንግዲያው ተቀብያለሁ» አለችው። «እንደ ሌላው ጊዜ 'ኧረ አንተ' አልልህም።»

ልምምዱ ሲደርስ ጋቢውን ከቤት ይዛ መጥታ ነበር። ተቀያሪዎቹ ልጆች አግዳሚው ላይ ተደርድረው ይንቀጠቀጣሉ፤ እግራቸው ላይ ጣል አደረገችላቸው።

«ኮች፣ ይቆሽሻል እኮ! የሽልማት ነው» አለች ሂዊ።

«ይቆሽሽ። ለምን እንደሰጡኝ እነሱም አያውቁም።»

ፊሽካዋን ነፋች። አንድ ፊሽካ ብቻ ተሰማ። ልጆቹ ወደ እሷ ዞሩ፤ ማሬ ግን ደመላሽን በዐይኗ ፈለገችው። እሱ ሄዶ ከተቀያሪዎቹ አግዳሚ ጫፍ ላይ፣ ድሮ እሷ ስትቀመጥበት ከነበረው ቦታ ላይ፣ ቁጭ ብሎ ነበር። ልጆቹ ተገፋፍተው የጋቢውን ጫፍ ጉልበቱ ላይ አደረጉለት። አክብሯት ይሁን፣ ወይስ እስክትሄድ እየጠበቃት፣ ታየች ከዚያ ሆና ልታውቅ አልቻለችም።

«ማሬ፣ ወዲህ እዪኝ» አለች። «ከቅርጫቱ ሥር ቁሚ። እዚያው። እኔ ውጪ እስክልሽ ድረስ እንዳትወጪ።»